የብል መድኃኒት

ማዕረግ የብል መድኃኒቱን የገዛው በፍቅር ነው። ይኼ አስቀድሞ ይነገርለት፤ ኋላ የሆነውን ስትሰሙ እንዳትፈርዱበት።

መተማ ዮሐንስ ገበያ፣ ከድንበሩ ማዶ ከጋላባት የመጣ ሳሙናና ሽቶ ከሚደረደርበት ሱቅ ገብቶ በላስቲክ የታሸጉትን ነጫጭ እንክብሎች አነሳ። ናፍታሊን። ማዕረግ የኬሚስትሪ አስተማሪ ስለሆነ ዕቃን ሁሉ በኬሚስትሪ ስሙ ካልጠራ አይሆንለትም፤ ጨው ሊገዛ ሄዶ «ሶዲየም ክሎራይድ አለ?» እያለ ባለሱቆችን ያስቃል። ያን ቀን ግን አልቀለደም። አንድ እሽግ ለሚበቃው ሣጥን ሁለት እሽግ ገዛ። ወሩ ሚያዝያ ነው፤ በመተማ ሚያዝያ እንኳን ናፍታሊን ሰውም የሚተን ይመስላል። ቶሎ እንዳያልቅ ብሎ አበዛው።

ሣጥኑ የልጁ የእፀገነት ነው። ቤት ውስጥ ገኒ ነበር የሚሏት፤ አምስት ዓመቷ ነበር። ባለፈው መስከረም ወባ ያዛት። ቆላ ተወልዶ ወባ የማያውቀው ልጅ የለምና እንደሌላው ጊዜ የሚለቃት መስሏቸው ነበር። በማግስቱ ግን ሰውነቷ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ እናቷንም ማወቅ ተወች። ወደ ጎንደር ውሰዷት ተባሉ። የጎንደሩ መንገድ ደግሞ በዚያ ሰሞን ተዘግቶ ነበር። መንገዱ ሲከፈት ገኒ አልነበረችም። ከዚህ በላይ ስለዚያ ሳምንት በዚያ ቤት አይወራም።

ለልቅሶ ከአብርሃ ጅራ የመጡት የማዕረግ እናት ወይዘሮ አሰበች ነበሩ ነገሩን የዘጉት። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። እሳቸውም ከወለዷቸው ሕፃናት የቀበሯቸው አሉ፤ የተማሩትም እንደዚያ ነው። ምራታቸውን ማርያማዊትን ከአልጋው ጠርዝ አስቀምጠው እጇን ያዙና፣ «ለሕፃን አብዝቶ አይለቀስም፣ ልጄ። ኃጢአት አታውቅ፣ መልአክ ሁናለች። እንባ ሲበዛባት መንገዷን ታረጥቢባታለሽ። ይብቃሽ። እግዜር ይተካል» አሏት። ጨርሰው ሊሄዱ ሲሉም፣ «ልብሷንም ለነዚያ ለስደተኞቹ ልጆች ስጭው። ሣጥን ውስጥ ሲቀመጥ ልብ ይይዛል» ብለው መከሯት።

«እሽ እማማ» አለች ማርያማዊት። እንባዋን ጠራረገች። በሳምንቱ ሥራዋ ላይ ነበረች።

ሥራዋ ከሱዳን በኩል ጦርነት ሸሽቶ ከሚገባው ሕዝብ ጋር ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት። ድንበሩን ተሻግረው የመጡ ሕፃናት በአንድ ትልቅ ድንኳን ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ እሷ ወረቀትና ከለር ታድላቸዋለች፣ ኳስ ታጫውታቸዋለች፣ መናገር የተውትን ከጎናቸው ቁጭ ብላ ትጠብቃቸዋለች። ድሮ ምሳ ሰዓት ላይ ቤቷ ትመለስ ነበር፤ ከመስከረም ወዲህ ግን ፀሐይ ሳያዘቀዝቅ አትመጣም። የገኒን ጫማና የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሳይቀር እዚያ ወስዳ ሰጥታለች። ሰው ሁሉ «እንዴት ያለች ጠንካራ ሴት ናት» ይላል። ማዕረግም መጀመሪያ ላይ ይኮራባት ነበር። ወሩ እየገፋ ሲሄድ ግን ኩራቱ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠበት፤ ከቀብሩ ወዲህ አንድም ቀን ስታለቅስ አላየም። የልጄን ሐዘን ለብቻዬ ተሸከምኩት ይል ጀመር በልቡ። እውነቱን ለመናገር ተቀየማት።

ለዚህም ስም አላጣለትም። ስሙን የሰጠችው ደግሞ ራሷ ማርያማዊት ነበረች፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሳሉ።

ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር፤ እሱ የኬሚስትሪ፣ እሷ የሥነ ልቦና ተማሪ። በተገለጠው መጽሐፏ ላይ «ሰብሊሜሽን» የሚለውን ቃል በተገላቢጦሽ አነበበና አላስችለው አለ።

«ይኼ ቃል የእኛ ነው» አላት።

«የእናንተ የማን?»

«የኬሚስትሪ። ጠጣር ነገር ሳይቀልጥ፣ ፈሳሽ ሳይሆን፣ እንዲያው በቀጥታ ሲተን ነው። የብል መድኃኒት አይተሽ አታውቂም? አይቀልጥም'ኮ፤ እያነሰ እያነሰ ይሄዳል።»

ማርያማዊት መጽሐፏን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። «የእኛ ደግሞ ሌላ ነው። ሰው ንዴቱን ወይም ሐዘኑን እንዳለ ከማውጣት ለሰው ወደሚጠቅም ሥራ ሲለውጠው ነው። ሰው መደብደብ ያማረው ድንጋይ ይፈልጣል፣ የከፋው ይዘፍናል።»

«ታዲያ ሁለቱ የት ላይ ይገናኛሉ?»

«ሻይ ከጋበዝከኝ እንፈልገዋለን» አለችው።

እንግዲህ ፍለጋው እስከ ጋብቻ አደረሳቸው። ቃሉም አብሯቸው ቤት ገባ። ማዕረግ ከርእሰ መምህሩ ጋር ተጣልቶ መጥቶ ጓሮ እንጨት ሲፈልጥ ማርያማዊት በመስኮት ብቅ ብላ «ሰብሊሜሽን» ትለዋለች፤ ንዴቱ ይበርዳል። ገኒ እንኳ አፏን ስትፈታ «አባ ሰብሊሜ እየሠራ ነው» እያለች ለጎረቤት ትናገር ነበር።

ያንን የቤት ጨዋታቸውን ነው ማዕረግ ጥር ላይ እራት እየበሉ እንደ ድንጋይ የወረወረባት። «አንች'ኮ ሳትቀልጭ ነው የተነንሽው» አላት። «ልጅሽን ሥራ አደረግሻት።»

ማርያማዊት ጉርሻዋን ሳትውጥ አየችው። «እንደዚያ ነው የሚታይህ?»

«ሌላ ምን ይታየኝ? አልቅሰሻል?»

ሳህኑን አንስታ ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃሉን ሁለቱም አላነሱትም።

አይ ማዕረግ። ተማሪ ሲኮርጅ ከኋላ ወንበር ሳይቀር የሚይዝ ሰው ዐይኑ ሥር ያለውን አላየም። ማርያማዊት ከሥራ ስትመለስ በየቀኑ «ልብስ ልቀይር» ብላ መኝታ ቤት ትገባና በሩን ትዘጋለች። ቆይታ ስትወጣ ፊቷን ታጥባለች፤ ዐይኗ ቀልቶ ይታያል። እሱ አቧራ ነው ይላል። የመተማ አቧራ ዐይን ያቀላልና።

እሱም በበኩሉ ሥራ አላጣም። ከመስከረም ወዲህ ለትምህርት ቤቱ ከወዳደቀ ብርጭቆና ከተጣለ ቧንቧ ቤተ ሙከራ አቋቋመ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደካማ ተማሪዎችን ያስጠናል። የቤቱን ጣሪያ ቆርቆሮ ለወጠ፤ ግድግዳውን ቀባ። የገኒን አልጋ ፈታትቶ ለተማሪዎች የመጽሐፍ መደርደሪያ ሠራበት። ያለቀሰ እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቀውም፤ ራሱም ራሱን አልጠየቀም።

ሚያዝያ ላይ ማርያማዊት ለስልጠና ጎንደር ሄደች። ቤቱ ባዶ ሆነበት። ያኔ ነው ሣጥኑ ትዝ ያለው። ቆላ ላይ ሰው ከሌባ ይልቅ የሚፈራው ምስጥን ነው፤ የማዕረግን የዩኒቨርሲቲ መጻሕፍት ባለፈው ክረምት ከውስጥ በልቶ ሽፋናቸውን ብቻ አቁሞለት ነበር። ምስጥ ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ አይገባም፤ ብል ግን የትም ይገባል። የገኒ ልብስ ተበጣጥሶ ሲገኝ ታየው። ልጁን ማትረፍ ያልቻለ ሰው ቢያንስ ልብሷን ያትርፍ እንጂ። እንዲህ ብሎ ነው ገበያ የወጣው።

ሣጥኑን ከቀብሩ በኋላ ሲከፍት ያ የመጀመሪያው ነበር። ቀሚሶቿ በሥርዓት ታጥፈዋል። ከላይ ግን ብጫ የሌሊት ቀሚሷ ሳይታጠፍ ጥቅልል ብሎ ተቀምጧል፤ አልታጠበም፤ አንገቱ ላይ የቅባት እድፍ አለበት። ማርያማዊት በችኮላ ከትታው ይሆናል ብሎ አሰበ። ሊያጥበው ፈለገና እጁ እንቢ አለው። ብቻ በጥንቃቄ አጠፈው፤ ናፍታሊኑን በጨርቅ ቁራጭ እየቋጠረ በየቀሚሱ እጥፋት መሐል አደረገ፤ በብጫው ውስጥ ጨምሮ። ክዳኑን ዘግቶ አየር እንዳያስገባ በላዩ ድንጋይ ጫነበት። ከመስከረም ወዲህ ለገኒ አንድ ነገር ያደረገ መሰለውና ደስ አለው። ደስታው ያሳዝናል።

ማርያማዊት በሳምንቱ ከሰዓት በኋላ መጣች። ሰላም ብላው፣ ውሃ ጠጥታ፣ «ልብስ ልቀይር» ብላ ገባች። በሩ ተዘጋ። የድንጋዩን መነሳት ሰማ። የክዳኑን መከፈት ሰማ። 

ስትወጣ ብጫዋን ቀሚስ ይዛለች።

«ሣጥኑን ማን ነካው?»

«እኔ ነኝ» አለ ማዕረግ። እንደምታመሰግነው እርግጠኛ ነበር። «ብል እንዳይበላው ብዬ ናፍታሊን አደረግሁበት። አሁን ለዓመታት አይነካውም።»

የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለች። ቀሚሱን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች፣ መለሰች፣ ደግማ አስጠጋች። ናፍታሊን የቆየበት ጨርቅ ምን እንደሚሸት ማዕረግ ያውቃል፤ ከናፍታሊን በቀር ምንም አይሸትም።

«እዚህ ነበረች» አለች የቀሚሱን አንገት እየዳበሰች። «አንገቷ እዚህ ነበር። ላቧ፣ የፀጉሯ ቅባት፣ ወተቱ። ቀን ቀን የሰውን ልጅ ሳባብል እውልና ማታ ላገኛት እመጣለሁ። እናትህ አታልቅሽ ስላሉኝ ሣጥኑ ላይ ተደፍቼ ድምፄን ውጬ አለቅሳለሁ። በየቀኑ፣ ማዕረግ። አንድም ቀን አልቀረሁም።»

ማዕረግ እጁን ወደ ቀሚሱ ሰደደና መለሰው።

«ሳትቀልጭ ተነንሽ አልከኝ» አለች ድምፅዋን ሳታነሳ። «እኔ'ኮ ስቀልጥ ነው የከረምኩት። ቃሉ የአንተ ነው። ጣሪያ የሠራህ አንተ፣ ቤተ ሙከራ ያቆምክ አንተ፣ አልጋዋን ፈትተህ መደርደሪያ ያደረግህ አንተ። አሁን ደግሞ የቀረችኝን ወሰድክብኝ።»

«ፀሐይ ላይ ብናሰጣው ይወጣል» አለ። ከአንደበቱ የወጣው ይኼ ብቻ ነበር፤ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነውና።

«እሱ ሲወጣ እሷን ትቶልኝ ይወጣል?»

መልሱን ያውቃል። ሽታ ማለት ከዕቃው ተነስቶ የሚሄድ ነገር ነው፤ ናፍታሊኑን የሚያስለቅቀው ፀሐይ ሌላውንም አያስቀርም። 

ቢሆንም አሰጣው። የሚያዝያ ፀሐይ ናፍታሊኑን በጥቂት ቀን ጠርጎ ወሰደው። ማዕረግ ቀሚሱን አውርዶ ሲያሸተው ፀሐይና አቧራ ሸተተው፤ ከዚያ በተረፈ ጨርቅ ነው። ማርያማዊት አልጠየቀችውም። «ልብስ ልቀይር» ማለትም ተወች። ከሥራ እያመሸች መምጣት ጀመረች፤ ስትመጣም ፊቷ ደረቅ ነው። አሁን በእርግጥ አታለቅስም። ማዕረግ የወቀሳት በዚሁ ነበር፤ እሱ ራሱ አመጣው።

ግንቦት ሲገባ አንድ ጠዋት ጫማዋን እያሰረች፣ «ጎንደር የሥራ ቦታ አለ ብለውኛል» አለችው።

«ለሁለታችን?»

«ለእኔ። እስከ ወሩ መጨረሻ አሳውቂ ብለውኛል።»

ተለየሁህ አላለችም፤ እሱ ግን ሰማው። ልጁን ቀብሮ ሚስቱን ሊሸኝ ነው። ምን ቢያደርግ እንደምትቀርለት ሲያወጣ ሲያወርድ ዘምዘም ትዝ አለችው።

ዘምዘም ጎረቤታቸው ነበረች፤ አንድ ግቢ ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ገኒን ጉልበቷ መሐል አስቀምጣ ከርከር እየቀባች ፀጉሯን ትሠራላት ነበር። ከርከር ሱዳኖች ከሰሊጥ ዘይት፣ ከስብ፣ ከብርቱካን ልጣጭና ከቅርንፉድ አፍልተው የሚሠሩት የፀጉር ቅባት ነው። የእህቷ ቤተሰብ ከሱዳን ሸሽቶ ሲመጣባት ዘምዘም ሰፋ ያለ ቤት ፈልጋ ሸሕዲ ከተማ ገባች። የቀሚሱ አንገት ላይ የነበረው እድፍ የእሷ ቅባት ነው። ማዕረግ እንደ ኬሚስት አሰበ፤ ሽታው ከምን እንደተሠራ ከታወቀ ተመልሶ ይሠራል። በቅዳሜው ሚኒባስ ተሳፍሮ ሄደ። የቅዳሜ ጥናቱን ያን ቀን ብቻ ሰረዘ።

ዘምዘም በር ላይ አግኝታ ግንባሩን ሳመችው። «ያ ኡስታዝ፣ መምህራችን፣ ጠፋህብን'ኮ» ብላ አስገባችው። የመጣበትን ሲነግራት እስኪጨርስ ሰማችው።

«መዓሌሽ፣ አይዞህ» አለች በመጨረሻ። «ማርያማዊትም መጥታ ነበር።»

«መቼ?»

«የገና በዓል ሳይደርስ። ከርከር ስጭኝ አለችኝ፤ አዲስ የተፈላ ሰጠኋት። ከፈተችና አሸተተችው። ‹ዘምዘም፣ ቅባቱ እሱ ነው፤ ልጄ ግን የለችበትም› አለችኝ። ከዚያ እዚህ ጉልበቴ ላይ ተደፍታ አለቀሰች፣ ወላሂ ቀሚሴ እስኪርስ። ጠርሙሱን ትታው ሄደች።»

ማዕረግ አንገቱን ደፋ።

«አንተስ ኡስታዝ? አንተ ከማን ጋር አለቀስህ?»

«እኔ... ሥራ በዛብኝ» አለ።

ዘምዘም አልሳቀችበትም። ተነስታ ማርያማዊት ትታው የሄደችውን ትንሽ ጠርሙስ አመጣችና በሸሚዙ ደረት ኪስ ከተተችለት። «እንግዲያ ይኼን ይዘህ ሂድ። ለእሷ አይደለም፤ ለእሷ አይሆናትም» አለችው። ለማን እንደሆነ አልጠየቃትም፤ እሷም አልነገረችውም።

የመልሱ ሚኒባስ ለምንጣሮ ከደጋ የወረዱ ሳሉጎች፣ የወቅት ሠራተኞች፣ ሞልተውበታል። መጥረቢያቸውንና ጓዛቸውን እግራቸው ሥር አድርገው ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ማዕረግ አንድ ዕድሜው የገፋ ሰው አጠገብ ቦታ አገኘ። ሰውየው ባየልኝ ይባላሉ፤ ከጎጃም ነው የመጡት፤ ገና ሳይንቀሳቀሱ ስማቸውን ነግረው፣ ስሙን ጠይቀው፣ ከቋጠሩት ቆሎ ዘግነው ሰጥተውታል። ሾፌሩ የሱዳን ዘፈን ከፍ አድርጎ ከፍቷል።

ኮኪትን እንዳለፉ መንገዱ ጎረበጠ። መኪናው ሲነጥር የጠርሙሱ ክዳን ላላ መሰለኝ፤ ወይም ሙቀቱ ነው። ቅባቱ በኪሱ አልፎ ደረቱን አራሰው። ማዕረግ መጀመሪያ አላወቀም። ከዚያ ሽታው ከገዛ አንገቱ ሥር፣ ከላቡ ጋር ሞቆ ተነሳ።

ገኒ ያን ቦታ ላይ ነበር የምትተኛው። ከገበያ ሲመለሱ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ጭንቅላቷን ደረቱ ላይ ጥላ ክንዷን አንገቱ ላይ አድርጋ። በዚያች በመጨረሻዋም ጠዋት መኪና ለመፈለግ ሲሮጥ እዚያው ነበረች፤ እዚያው ነው የቀዘቀዘችበት። እሱ ግን ይኼን እስከዛሬ ሥራ ሲያለብሰው ኖሮ ነበር። አሁን የሚሠራው ነገር አጣ። ሁለት እጁ ጭኑ ላይ ባዶ ነው። ከሆዱ አንድ ድምፅ ወጣ፤ የራሱ ድምፅ መሆኑን እንኳ ቆይቶ ነው ያወቀው። ከዚያ ማቆም አቃተው።

ሾፌሩ ዘፈኑን አጠፋ።  ባየልኝ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«መርዶ ነው?» አሉት ቀስ ብለው። «በስልክ ነው ያረዱህ? ምን ዓይነት ዘመን ላይ ደረስን፤ ሰው መንገድ ላይ ሳለ እንዲህ ይነገረዋል?»

ራሱን ነቀነቀ፤ በስልክ አይደለም።

«ማን ነው የሞተብህ፣ ወንድሜ?»

«ልጄ።»

«ወየው። መቼ?»

«መስከረም።»

 ባየልኝ ነገሩ ገባቸው፤ ወይም የገባቸው መሰላቸው። በዚህ በቆላው ሥራ ላይ ያለ ሰው መርዶ አይነገረውም፤ እጁ ሥራ ላይ ሳለ እንዳይሰበር ሰብሉ እስኪነሳ፣ አገሩ እስኪገባ ይደበቅለታል። ብዙ ጓደኛቸውን እንዲያ ይዘውት ከርመዋል። ከመስከረም እስከ ግንቦት የተደበቀ መርዶ ግን በዕድሜያቸው አልገጠማቸውም።

«እህህ... ያን ያህል ጊዜ ደብቀውህ ነው እንግዲህ። ዛሬ ነው የሰማኸው?»

ማዕረግ አይደለም ሊላቸው ይችል ነበር። እኔው ነኝ የቀበርኳት፣ አፈሩን በእጄ ነው የመለስኩት ሊላቸው ይችል ነበር። አፉን ሲከፍት የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«አዎ» አለ። «ዛሬ ነው የሰማሁ።»

«በሉ እናንተ» አሉ ባየልኝ ወደ ጓዶቻቸው ዞረው፣ «ሰው ብቻውን አያለቅስም።»

ሳሉጎቹ ሁሉም ባርኔጣቸውን፣ ጥምጥማቸውን አወረዱ። ከኋላ አንዱ የደጋውን ሙሾ በዝግታ ጀመረ፤ ሌሎቹ ተቀበሉት። ስሟን ጠየቁትና ነገራቸው፤ «እፀገነት» እያሉ፣ አይተዋት የማያውቋትን ልጅ፣ የገዛ ልጆቻቸውን ደጋ ትተው የመጡ ሰዎች አለቀሱላት። ከመካከላቸው ለራሱም ያለቀሰ አይጠፋም። ማዕረግ በባየልኝ ትከሻ ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን ነፈረቀ። አንድም ሰው ይብቃህ አላለውም።

መናኸሪያው ጋ ሲደርሱ ሾፌሩ አልቆመም። ቤቱን ጠይቆ እስከ በሩ ወሰደው።

ማርያማዊት ግቢ ውስጥ በኒም ዛፏ ጥላ ሥር ልብስ ታጥብ ነበር። በሩ ተከፍቶ ራሳቸውን ገልጠው በዝግታ የሚራመዱ ሰዎች ሲገቡ አየች። እንዲህ ያለ አረማመድ ምን እንደሆነ ማንም አይስተውም። ከመሐል ሁለት ሰው ደግፎት ባሏ አለ፤ ፊቱ አብጧል። እጇ ሳሙናው ላይ እንዳለ ቀረ።

«ማን ነው?» አለች። አማቷ ወይዘሮ አሰበች ነበሩ በሐሳቧ የመጡት።

ባየልኝ ቀረብ አሉ። «አይዞሽ፣ እመቤቴ። ባለቤትሽ መርዶ ሰምቶብን ነው። የልጁን።»

«የልጁን?»

«እፀገነትን። መስከረም ላይ የሞተችውን። ደብቀውት ኑረዋል፤ ዛሬ ነው የሰማው።» ከዚያ ፊቷን አዩ። «ኧረ... እናቷ ነሽ እንዴ? አንቺስ ታውቂ ነበር?»

ማርያማዊት ባሏን አየችው። ዐይኑን አየች፣ ሸሚዙን አየች። 

«እኔ አውቅ ነበር» አለች። «እሱ ነው ያልሰማ።»

እጇን በቀሚሷ አድርቃ ገባችና የሐዘን ምንጣፍ አውጥታ ከኒሟ ሥር አነጠፈች። ሰዎቹን አስቀመጠች፤ ከጀሪካኑ ውሃ በጣሳ ቀድታ አዞረች። መጀመሪያ መደረግ የነበረበት ሁሉ አሁን ተደረገ፤ ለሕፃን አይበዛም የተባለው ልቅሶ እንግዳ ሰዎች ባሉበት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ድምፅ እየወጣ ተለቀሰ። እሷም ድምፅዋን አልዋጠችም።

ሰዎቹ «እግዜር ያጽናችሁ» ብለው ሲነሱ ባየልኝ የማዕረግን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። መኪናው ሄደ። ሁለቱ ምንጣፉ ላይ ቀሩ።

«ዘምዘም ጋ ሄደህ ነበር?» አለችው።

«አዎ።»

«እኔም ሄጄ ነበር።»

«ነገረችኝ።»

ስለ ጎንደሩ ቦታ ሊጠይቃት አሰበና ተወው። የሚሠራው ነገር አልነበረውም፤ እጁን ዘርግቶ ተቀመጠ። ማርያማዊት ጠጋ አለችና ራሷን ደረቱ ላይ፣ ሸሚዙ ከራሰበት ቦታ ላይ አስደገፈች። ረጅም ትንፋሽ ሳበች። ቅባቱ ከላቡ ጋር፣ ከአቧራው ጋር፣ ከሰውነቱ ሙቀት ጋር ነበር።

«አይደለችም» አለች።

ራሷን ግን አላነሳችም።